ከቤታችን በር እስከ ትምህርት ቤቱ በር

ባሕር ዳር ላይ ልጁን ሊያስመዘግብ የሄደ ወላጅ ስለ መምህራኑ ከመጠየቁ በፊት "ሰርቪስ አላችሁ?" ይላል። አለን ከተባለ "በእኛ ሰፈር ያልፋል?" ይከተላል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "በወር ስንት ነው?" ይጠይቃል። መልሱን ሰምቶ ፊቱ የማይለዋወጥ ወላጅ እስካሁን አላየሁም።

እኛ የምንኖረው አባይ ማዶ ነው። ልጆቼ የሚማሩት ድልድዩን ተሻግሮ መሀል ከተማ ነው። ስለዚህ የሰርቪስ ነገር እኛ ቤት ከጤፍና ከዘይት እኩል ይነሳል። እንዲያውም ይብሳል፤ ጤፍ ቢወደድ በግማሽ ይገዛል፣ ሰርቪስ ግን በግማሽ አይገዛም። ልጅን እስከ ድልድዩ ብቻ አድርሱልኝ አይባል ነገር።

ምዝገባ ላይ የሰርቪስ ደንብ የሚል ወረቀት ተሰጠኝ። አንድ ገጽ ነው፣ ታች ማኅተም አለው፣ ወላጅ ይፈርምበታል። ክፍያ ወር በገባ በ5 ቀን ውስጥ ይጠናቀቃል ይላል። ተማሪው በሰዓቱ መቆሚያው ላይ ካልተገኘ ሰርቪሱ አይጠብቅም ይላል። ልጁ ወንበር ከቀደደ ወላጅ ያሠራል ይላል። ትምህርት ለተወሰኑ ቀናት ቢቋረጥ ተመላሽ ገንዘብ የለም ይላል። ከላይ እስከ ታች የእኔ ግዴታ ነው። ሰርቪሱ ራሱ ቢቀርስ? መኪናው መንገድ ላይ ቢበላሽስ? ከሹፌሩ ሌላ ልጆቹን የሚያይ ሰው አለ? ልጁ ከመኪናው ሳይወርድ ቢቀር ማን ለማን ይደውላል? ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውን አየሁት። ባዶ ነው። ፈረምኩ፣ ምን ላድርግ።

የወረቀቱ ጀርባ ባዶ መሆኑ ምን እንደሚያመጣ የገባኝ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ሰርቪሱ ቀረ። ልጆቹ በሩ ላይ ከዘበኛው ጋር ቆመዋል። ትምህርት ቤቱ ጋ ስደውል "ከበራችን ከወጡ በኋላ የባለ መኪናው ጉዳይ ነው" አሉኝ። ባለ መኪናው ጋ ስደውል "እኔ ውል ያለኝ ከትምህርት ቤቱ ጋር ነው፣ እነሱን ያነጋግሩ" አለኝ። ሁለቱም በጨዋ ደንብ ነው የመለሱልኝ፤ ማንም አልሰደበኝም፣ ማንም አልዋሸኝም። ዘበኛው ብቻ፣ ውልም ደሞዝም የማይጨምርለት ሰውዬ፣ ሰዓቱ አልፎም ልጆቹን ትቼ አልገባም ብሎ ቆሞ ነበር። እግዜር ይስጠው።

እዚህ ላይ ነው ነገሬ። ልጁ ቤት ውስጥ ሳለ የእኔ ነው። ግቢው ውስጥ ሲገባ የትምህርት ቤቱ ነው። በመሀል ያለው መንገድ ላይስ የማን ነው? የትምህርት መምሪያው ስለ ማስተማሩ ይጠየቃል፣ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ስለ ታሪፍና ስለ ታፔላ፣ ትራፊክ ፖሊሱ ስለ ትርፍ ሰው። እያንዳንዱ የየራሱን ቁራጭ ይዟል፤ ጠዋት ከበራችን ወጥቶ ማታ እስኪመለስ ልጁን ራሱን የያዘ ግን የለም።

በሰርቪስ መኪና የሚሄደው ደግሞ ጥቂቱ ነው። የከተማችን ትክክለኛው የተማሪ አውቶቡስ ባጃጅ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ከሩብ ላይ ሰፈራችን መታጠፊያ ላይ ቆማችሁ እዩ። ለሦስት ሰው በተሠራው የኋላ ወንበር ላይ አምስት ልጅ ይቀመጣል፣ ትንንሾቹ ትልልቆቹ ጭን ላይ። ሁለት ደግሞ ከሹፌሩ ግራና ቀኝ፣ ግማሽ ቂጣቸው አየር ላይ። ቦርሳው ከወንበሩ ጀርባ ይጠቀጠቃል፣ የተረፈው ውጭ ይንጠለጠላል፣ ምሳ ዕቃው በእጅ ይያዛል። በር የሚባል ነገር የለም፤ ያለው ዝናብ ሲመጣ የሚወርድ ሸራ ነው። የእኛ ሰፈሩ ሹፌር በአንዱ በኩል ብረት አስበይዷል፣ በሌላው በኩል ልጆቹን ካስገባ በኋላ ገመድ ይዘረጋና ሁለት ጊዜ ይቋጥራል። ያን ቋጠሮ ሲቋጥር አይቼው አውቃለሁ፤ ስቦ ይሞክረዋል፣ ከዚያ እንደገና ይስበዋል። ግዴለሽ ልጅ አይደለም።

አንድ ቀን "ወንድሜ፣ ሰባት ልጅ አልበዛም?" አልኩት።

"እትዬ፣ በሦስት ልጅ ሥራ ካሉኝ እሠራለሁ" አለኝ ሳይቆጣ። "የወሩን ሒሳብ ለሦስት ወላጅ ማካፈል ነው።"

አፌን ዘጋሁ። ምክንያቱም ሒሳቡን አውቀዋለሁ። በ2014 ክረምት አንድ ሊትር ቤንዚን 48 ብር ገደማ ነበር፣ በ2017 ከ100 ብር አልፏል። ያውም ማደያው ላይ ከተገኘ ነው። ካልተገኘ ሌሊቱን ሰልፍ ነው፣ ወይ ደግሞ በሃይላንድ ተሞልቶ መንገድ ዳር ከሚሸጠው መግዛት ነው። የወር ኮንትራት ግን መስከረም ላይ ነው የሚቆረጠው። ኅዳር ላይ ቤንዚን ሲጨምር ሹፌሩ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፦ ወይ ወላጅ ጋ መጥቶ ጭማሪ መለመን፣ ወይ አንድ ልጅ መጨመር። ልጅ መጨመሩ ይቀላል። እሱን ጥፋተኛ ብሎ መጻፍ ለእኔም ይቀለኝ ነበር፣ ግን ሰባተኛው ልጅ የማን ነው ካላችሁኝ ርካሽ ስለሆነ እዚያ ያስገባነው የእኛ የወላጆቹ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉ ልጆችንና ወጣቶችን በመግደል ቀዳሚው የመንገድ አደጋ ነው ይላል። ወባ አይደለም፣ ሌላም በሽታ አይደለም። ይህን እያወቅን ጠዋት ጠዋት ገመድ ይቋጠራል።

ሰው አገር እንዴት ነው ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። የአሜሪካውን ቢጫ አውቶቡስ ሁላችንም በፊልም እናውቀዋለን። ቢጫ የሆነው ለውበት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1939 ፍራንክ ሲር የሚባሉ ምሁር ኒው ዮርክ፣ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስብሰባ ጠሩ። እስከዚያ ድረስ አንዱ ወረዳ ልጆቹን በጭነት መኪና፣ ሌላው በፈረስ ጋሪ ነበር የሚያመላልሰው። በስብሰባው ላይ የአውቶቡሱ ቁመት፣ የመተላለፊያው ስፋት፣ ቀለሙ ሳይቀር ተወሰነ። ቢጫው የተመረጠው ጎህ ሲቀድ፣ ገና ሳይነጋ፣ ከሩቅ ስለሚታይና ጥቁር ጽሑፍ ስለሚያሳይ ነው። ዛሬ ያ አውቶቡስ ቀይ መብራቱን እያብለጨለጨ ልጅ ሲያወርድ ማንም መኪና አልፎት መሄድ አይችልም፤ በሁሉም ግዛት ሕግ ነው። እኔን ያስቀናኝ አውቶቡሱ ሳይሆን ይሄ ነው። አንድ ልጅ አስፋልት እስኪሻገር መንገዱ በሙሉ ቀጥ ይላል።

በእርግጥ እነሱም ጋ ሁሉ ሙሉ አይደለም። ከኮሮና በኋላ ሹፌር ጠፍቶ እ.ኤ.አ. በ2021 የማሳቹሴትስ ግዛት ተማሪ እንዲያመላልሱ የብሔራዊ ዘብ ወታደሮችን ጠርቷል። ሹፌሩን ከናቅከው ይሄዳል፣ የትም አገር ያው ነው።

የእንግሊዞቹ ደግሞ የሚጀምሩት ከኪሎ ሜትር ነው፣ ለእኛ የሚበጀው እሱ ይመስለኛል። ሕጋቸው ዕድሜው ከ8 ዓመት በታች የሆነ ልጅ የሚመጥነው ቅርቡ ትምህርት ቤት ከ2 ማይል በላይ ከራቀው፣ ማለትም 3.2 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የአካባቢው መስተዳድር በነፃ ሊያመላልሰው ይገባል ይላል። ከ8 እስከ 16 ላለው 3 ማይል፣ 4.8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ርቀቱ ባይሞላም መንገዱ ለእግር አደገኛ ከሆነ ያው ነው። "ሀብታም ነህ? ድሃ ነህ?" ብሎ አይጀምርም። ልጁ ስንት ዓመቱ ነው፣ ትምህርት ቤቱ ስንት ይርቃል፣ መንገዱ እንዴት ነው፣ አለቀ።

እኛ ጋ ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቆ አያውቅም። ብንጠይቅ መልሱ ያሳፍረናል። ከባሕር ዳር ዙሪያ ገጠር መጥተው ከተማ የሚማሩትን ልጆች አስቡ። ለእነሱ የትራንስፖርት ፖሊሲው ቤት ኪራይ ነው። ሦስት አራት ሆነው አንዲት ጠባብ ክፍል ይከራያሉ፣ የ14 ዓመት ልጅ የራሱን ወጥ ይሠራል፣ ቅዳሜ ቤተሰብ ጋ በእግሩ ሄዶ እሑድ እንጀራና ድርቆሽ ተሸክሞ ይመለሳል። ሰፈራችን እንዲህ ያሉ ልጆች ሞልተዋል። እሑድ ማታ ፌስታላቸውን ተሸክመው ሲገቡ ታዩአቸዋላችሁ፣ ሐሙስ ሲሆን ፌስታሉ ባዶ ነው፣ አርብን እንዴት እንደሚያልፉት እነሱ ናቸው የሚያውቁት። ሴት ልጅ ያላቸው ወላጆች ይህን ስለሚፈሩ ከነጭራሹ ያስቀሯታል። መኪና ጠፍቶ ሳይሆን ርቀቱን ማንም ቆጥሮላት ስለማያውቅ ነው የምትቀረው።

አውቶቡስ ይገዛ ብዬ ልደመድም የመሰላችሁ ካላችሁ፣ አይደለም። አውቶቡስ ቢገኝ ደስ ይለኛል። ግን ባሕር ዳር ናት ይቺ። ከጣና ዳር እስከ ጫፍ ሜዳ ናት። ባጃጅ ከተማውን ሳይሞላው በፊት ሳይክል የከተማዋ እግር ነበር፤ መምህሩ በሳይክል፣ ነርሷ በሳይክል፣ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛው ፈረቃ ሲለቅ በሳይክል። ዛሬም እሑድ እሑድ ልጆች በሰዓት ተከራይተው በዘንባባው ሥር ሲበሩ ታያላችሁ። መጫወቻ አደረግነው እንጂ መጓጓዣነቱን ረሳነው።

ህንድ ውስጥ ቢሃር የምትባል ድሃ ግዛት አለች። እ.ኤ.አ. በ2006 የግዛቲቱ መንግሥት 9ኛ ክፍል ለገባች ሴት ተማሪ ሳይክል መግዣ 2,000 ሩፒ መስጠት ጀመረ። ነገሩ በጥናት ሲታይ የሴቶቹ የሁለተኛ ደረጃ ምዝገባ 32 በመቶ ጨምሮ ተገኘ፤ በወንድና በሴት መካከል የነበረው የምዝገባ ልዩነትም በ40 በመቶ ጠበበ። ለውጡ ጎልቶ የታየው ትምህርት ቤቱ ራቅ በሚልባቸው መንደሮች ነው። ልጃገረዶቹ በቡድን በቡድን ሆነው መንዳታቸው ለደኅንነታቸውም ሳይረዳ አልቀረም። ይህን ለአንዲት ጓደኛዬ ስነግራት "እኛ ጋ ሴት ልጅ ሳይክል ነድታ ስትሄድ አፍ ይበዛባታል" አለችኝ። ይበዛባት። አፍ ሰለቸኝ ብሎ ይዘጋል፣ ያቋረጠችው ትምህርት ግን ተመልሶ አይመጣም።

ለትልልቆቹ ሳይክል ይሆናል። ግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ የአባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት አለው፤ የእግረኛና የሳይክል መስመር ተለይቶለታል። ለእኛ ለማዶዎቹ ትልቅ ነገር ነው፣ አሮጌው ድልድይ ላይ ጠዋት የነበረውን መተፋፈግ የምናውቅ እናውቃለን። ችግሩ ከድልድዩ በኋላ ነው። ከድልድዩ የወረደው ልጅ መስመሩ አልቆበት ከአይሱዙ ጋር ይጋፋል።

ለትንንሾቹስ? በየአገሩ የእግር ሰርቪስ የሚባል ዓይነት አሠራር አለ፤ አንድ ሁለት ትልቅ ሰው በታወቀ መንገድ በታወቀ ሰዓት እየሄደ ከየበሩ ልጅ እየሰበሰበ በእግር ያደርሳል። መኪና የለውም፣ ቤንዚን አይጠጣም። እኛ ሰፈር ጡረታ የወጡ አባቶች ጠዋት ቅዳሴ ወይ ኪዳን ደርሰው ሲመለሱ ልጆቹ ገና እየወጡ ነው። ቢጠየቁ እምቢ የሚሉ አይመስለኝም። ለምን ደስ አይላቸው፣ ሌላው ቢቀር የሚቆጡት ሰው ያገኛሉ።

የተማሪ ትራፊኮቹንም ሳላነሳ አላልፍም። አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሳ ቁም የሚል ምልክት ይዛ ዜብራው ላይ የምትቆመዋን ልጅ አይታችኋት ከሆነ ገብቷችኋል። ሰደርያው ጉልበቷ ጋ ይደርሳል። ሲኖትራክ ታስቆማለች። ሹፌሩ ከላይ ሆኖ ቁልቁል ያያታል፣ እሷም ቀና ብላ ታየዋለች፣ ይቆማል። በዚህ ሁሉ ወሬ ውስጥ መንገዱን የኔ ነው ብሎ የያዘ ሰው ቢኖር እሷ ናት፤ እሷ ደግሞ 6ኛ ክፍል ናት።

ሌላ ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር የሰዓት ነው። የከተማው ትምህርት ቤት ሁሉ 2 ሰዓት ሲሆን ነው የሚደውለው። ስለዚህ ሚኒባሱም ባጃጁም አንድ ዙር ብቻ ነው መሥራት የሚችለው፣ ያንን አንድ ዙር ደግሞ ጠቅጥቆ ይሞላል። አሜሪካኖቹ አንዱን አውቶቡስ ሦስት ዙር የሚያሠሩት ትንንሾቹንና ትልልቆቹን በተለያየ ሰዓት በማስገባት ነው። እኛ ጋ አንዱ ትምህርት ቤት 1 ሰዓት ተኩል፣ ሌላው 2 ሰዓት ተኩል ቢጀምር ያው ባጃጅ አራት አራት ልጅ ይዞ ሁለት ጊዜ ይመላለሳል። ገመድ አያስፈልገውም። የሁለት ርዕሳነ መምህራን የስልክ ንግግር ነው የሚያስፈልገው።

እውነት ለመናገር፣ ከነሐሴ 2015 ወዲህ በዚህ ክልል ስለ ሰርቪስ መጻፍ ቅንጦት የሚመስለው ሰው ይኖራል። ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ብዙ ልጅ ቤቱ ቀርቷል። መንገድ የተዘጋበት፣ ባጃጅ እንዳይንቀሳቀስ የተባለበት ቀን ነበር። ግን እንዲህ ባለ ቀን ነው ነገሩ ይበልጥ የሚያስፈልገው። ተኩስ ተሰምቶ ወላጅ ሁሉ ነጠላውን ሳያጣፋ ወደ ትምህርት ቤት ሲሮጥ፣ የትኛው ልጅ በየትኛው ባጃጅ ወጣ፣ የትኛው ግቢ ውስጥ አለ የሚል አንድ ወረቀት ቢኖር ስንት እናት ከመሮጥ ትድን ነበር። ስልክ ያልሠራበት ቀንም ነበር እኮ። ወረቀት ግን ኔትወርክ አይፈልግም።

ስለዚህ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ልጆቹን የሚጭነው ባጃጅም ሆነ ሚኒባስ ትምህርት ቤቱ ጋ ይመዝገብ፤ ቦሎውና የሦስተኛ ወገን መድኑ ይታይ፣ የልጆቹ ስምና የወላጅ ስልክ በእሱም በትምህርት ቤቱም እጅ ይኑር፣ ስንት ልጅ እንደሚጭን ይጻፍ። ቤንዚን ሲጨምር ክፍያው እንዴት እንደሚስተካከል አስቀድሞ እንስማማ፣ ያኔ ሹፌሩ ሰባተኛ ልጅ አይፈልግም። ሰርቪሱ ከቀረ ትምህርት ቤቱ ይደውልልን፣ እስክንደርስም ልጁ ግቢ ውስጥ ይቆይ። ይህ ሁሉ የወረቀቱ ጀርባ ላይ ይበቃል።

የወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ቅዳሜ ነው። አጀንዳው ተለጥፏል፣ ሄጄ አይቼዋለሁ። አንደኛ የክፍያ ጭማሪ፣ ሁለተኛ የዩኒፎርም ቀለም ለውጥ፣ ሦስተኛ የወላጆች ቀን ዝግጅት። ሰርቪስ "ልዩ ልዩ" ከሚለው ሥር ነው ያለው። ልዩ ልዩ ጋ ስንደርስ ግማሹ ወላጅ ሰዓቱን እያየ ተነሥቶ እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ገና ስብሰባው ሲከፈት እጄን አውጥቼ አጀንዳው ይቀያየር እላለሁ። የዩኒፎርሙ ቀለም ልዩ ልዩ ውስጥ ይግባ። አባይ ማዶ ያላችሁ ወላጆች፣ እባካችሁ ቀድማችሁ ግቡ፣ ድምፅ ሊሰጥ ይችላል።